«ሴፋርዲ ይፈርዳል፣ አሽከናዚ ይተነትናል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የወጣ አንድ ጽሑፍ የአይሁድን የኦሪት ሊቅነት ለሁለት ከፍሎ አቅርቦታል። እንደ ጽሑፉ አባባል የእስፓኝ፣ የሰሜን አፍሪካና የምሥራቅ አገሮች ሊቃውንት፣ ማለትም ሴፋርዲዎቹ፣ ሕግ ሰብሳቢና ፈራጅ ናቸው። የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የምሥራቅ አውሮፓዎቹ አሽከናዚዎች ደግሞ ጠያቂና ተንታኝ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ሹልሐን አሩኽ የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ የሴፋርዲዎች ነው ይላል፤ የሴፋርዲ ትምህርት አይሁድ ከእስፓኝ በተባረሩበት በ1492 አበቃ ይላል፤ ፍልስፍና የሴፋርዲ ነው፣ ሴፋርዲ ያቀላል፣ አሽከናዚ ያከብዳል እያለ ይቀጥልና፣ በመጨረሻ ቤተ እስራኤልን የተቀበሏቸው ሴፋርዲዎች፣ የገፏቸው አሽከናዚዎች ስለሆኑ ቤተ እስራኤል ከሴፋርዲ ወገን ይቆጠራሉ ብሎ ይደመድማል። ልጆቻቸውን በየሺቫ (በኦሪት ትምህርት ቤት) የሚያስተምሩ ብዙ አማርኛ አንባቢ ወላጆች እስራኤል ውስጥ ስላሉ ይህን በዝምታ ማለፍ አልፈለግንም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዋናው ሐሳብ እንጀምር። አንድ ሰው በ1880ዎቹ ቪልና ከታተመው ታልሙድ (የረቢዎች የሕግ ክርክር መድበል) አንዱን ጥራዝ ይክፈት። ዛሬ በየየሺቫው ያለው ገጽ የዚያ እትም ቅጂ ነው። መሐል ላይ ገማራው፣ ማለትም የታልሙዱ ዋና ንባብ፣ አለ። በመጽሐፉ መጋጠሚያ በኩል በ1105 የሞተው የፈረንሳዩ የትሯ ከተማ ሊቅ የራሺ ትርጓሜ፣ በውጭው ጠርዝ ደግሞ የልጅ ልጆቹና የደቀ መዛሙርታቸው ቶሳፎት (የጭማሪ ሐተታ) ተጽፏል። እስከዚህ ድረስ አሽከናዚ ነው። ወደ ጥራዙ መጨረሻ ሲገለጥ ግን ሪፍ እየተባለ የሚጠራው የረቢ ይስሐቅ አልፋሲ የሕግ ስብስብ ይገኛል። አልፋሲ በሞሮኮ ፌዝ ኖሮ በ1088 ወደ እስፓኝ የተሻገረ፣ ሉሴና ላይ ያስተማረ ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሮሽ የተባለው ሊቅ ሥራ አለ፤ የእሱን ነገር በኋላ እንመለስበታለን። ሕጉ በራምባም (በረቢ ሞሼ ቤን ማይሞን) መጽሐፍና በሌሎች የሕግ መጻሕፍት የት እንደሚገኝ በገጹ ዳር የሚያመለክተውን ጥቅስ ያዘጋጀው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣሊያ ይኖር የነበረ፣ ቤተሰቡ ከእስፓኝ የመጣ ኢያሱ ቦአዝ የሚባል ሊቅ ነው። እንግዲህ ተማሪው ገና አንድ ገጽ ሳይጨርስ ሁለቱንም ወገኖች አንብቧል።

«ትንታኔ የአሽከናዚ ነው» የሚለው አባባል ፈጽሞ የማይቆመው ካታሎኒያ ላይ ነው። የጂሮናው ራምባን (ረቢ ሞሼ ቤን ናሕማን፣ 1194–1270)፣ የባርሴሎናው ራሽባ (1235–1310)፣ ከእነሱም በኋላ ሪትባና ራን ታልሙዱን መስመር በመስመር እየመረመሩ የጻፏቸው ሐተታዎች አሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ራምባንና ራምባም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የራምባን መምህር ይሁዳ ቤን ያቃር ፈረንሳይ ሄዶ ከቶሳፎት ሊቃውንት ከአንዱ እግር ሥር የተማረ ነው። ስለዚህ የፈረንሳዩ አጠያየቅና የአንዳሉሱ (የደቡብ እስፓኙ) የንባብ ጥራት ጂሮና ላይ ተገናኙ፤ ከዚያ የወጣው ሥራ በጥልቀቱ ከማንም አያንስም። ዛሬ በሊትዌኒያ ስልት በሚያስተምር የሺቫ ራሽባና ራምባን ሳይነሡ የሚሰጥ ጥልቅ ትምህርት የለም።

ከዚያም በካስቲል ረቢ ይስሐቅ ካንፓንቶን መጣ፤ የሞተው በ1463 ነው። ታልሙድ እንዴት እንደሚጠና አጭር መመሪያ ጽፏል። አካሄዱ ይህን ይመስላል። ተማሪው መጀመሪያ ንባቡን ከነአገባቡ ያጠራል። ቀጥሎ ማንኛውንም ትርጓሜ ሳይከፍት ይህ ዓረፍተ ነገር ስንት ፍቺ ሊሸከም እንደሚችል ራሱ ይዘረዝራል። ከዚያ ወደ ራሺ ወይም ወደ ራምባን ሄዶ ከተዘረዘሩት የትኛውን እንደመረጡና ሌሎቹን ለምን እንደተዉ ይጠይቃል። በመጨረሻም ስለ እያንዳንዱ ቃል «ይህ ባይባል ኖሮ ምን እሳሳት ነበር?» ይላል፤ ትርፍ ቃል የለም ብሎ ስለሚነሣ ነው። ደረጃውን ገልብጦ ትርጓሜውን አስቀድሞ ያየ ተማሪ የተንታኙን መልስ ያውቃል፣ ጥያቄውን ግን አያውቀውም። ይህ ስልት «ዒዩን» ይባላል። የካንፓንቶን ደቀ መዛሙርትና የእነሱ ተማሪዎች ከስደቱ በኋላ ይዘውት ወደ ኦቶማን አገሮችና ወደ ሰሜን አፍሪካ ሄደዋል። ይህ ሁሉ በሴፋርዲ ምድር የተደረገ ትንታኔ ነው፤ ጽሑፉ አንድም ቃል አላነሣበትም።

በጊዜያችን የቱኒዝ ዒዩን የሚባለውን ብናይ ነገሩ ይብስ ይወሳሰባል። ከቱኒዝ ተነሥቶ እስራኤል ውስጥ ብኔ ብራቅ በከተመው በኪሴ ራሐሚም የሺቫ ገማራው ከነሰዋስው አገባቡ ይነበባል፤ ከዚያ ራሺ፣ ከዚያ ቶሳፎት፣ ከዚያ የማሐርሻና የሉብሊኑ ማሐራም ማብራሪያ ይከተላል። ማሐርሻና ማሐራም ሁለቱም የፖላንድ አሽከናዚዎች ናቸው። የሴፋርዲ ጥራት ዋነኛ ምሳሌ ተብሎ የሚጠቀሰው ስልት ከማሐርሻ ውጭ አይሄድም ማለት ነው።

በተቃራኒው በኩል የአሽከናዚ ትንታኔ ጫፍ የሚባለውን የብሪስክ ስልት እንውሰድ። መሥራቹ ረቢ ሐይም ሶሎቬይቺክ (1853–1918) ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ሐተታ የሚነሣው ከኮርዶባው ተወላጅ ከራምባም ነው። ራምባም በጸሎት ሕግ ምዕራፍ 4 ላይ ልብ ያልታከለበት ጸሎት ጸሎት ስላልሆነ ይደገማል ይላል። በምዕራፍ 10 ግን በመጀመሪያው ቡራኬ ልቡን ከሰበሰበ መድገም አያስፈልገውም ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ረቢ ሐይም «ልብ» የሚለውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ በፈጣሪ ፊት መቆሙን ማወቅ ነው። ይህ ከሌለ ሰውየው አፉን ያንቀሳቀሰ እንጂ የጸለየ ስላልሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቃላቱን ትርጉም ማስተዋል ነው፤ ግዴታው በመጀመሪያው ቡራኬ ብቻ ነው። የብሪስክ ስልት ጠቅላላ ሥራው እንዲህ ነው፦ ግጭት ማግኘት፣ ጽንሰ ሐሳቡን ለሁለት መክፈል፣ እያንዳንዱን ንባብ ከየድርሻው ጋር ማገናኘት። ግጭቱ የሚፈለገው ደግሞ በብዛት ራምባም ላይ ነው። ሴፋርዲው «ሕግ ሰብሳቢ» ለአሽከናዚው ትንታኔ ማሳ ሆኖታል።

ታዲያ ልዩነት የለም ወይ? አለ፤ ያለው ግን ጥናቱ የት ላይ እንደሚቆም ነው። በባግዳድ፣ በሐለብ፣ ኋላም ኢየሩሳሌም ውስጥ በ1923 በተከፈተው በፖራት ዮሴፍ፣ ጥናቱ ከገማራ ይነሣና በሪፍና በሮሽ፣ ከዚያም ወደ ታች በምናያቸው የሕግ መጻሕፍት፣ በቱርና በቤት ዮሴፍ፣ አልፎ ሹልሐን አሩኽ ላይ ይደርሳል፤ ተማሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ርዕሱ አይዘጋም። በሊትዌኒያው መንገድ፣ በተለይ ከረቢ ሐይም ወዲህ፣ ርዕሱ የሚዘጋው ጽንሰ ሐሳቡ ሲጠራ ነው፤ ፍርዱ ለሌላ ሰዓት ይቀራል። ሁለቱም የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። በመጀመሪያው መንገድ የሚቸኩል ተማሪ ከሕጉ መጽሐፍ ጀምሮ ምክንያቱን ስለማያውቅ አዲስ ጉዳይ ሲመጣበት የማይመሳሰለውን ያመሳስላል። በሁለተኛው የሚቆይ ተማሪ አንድ ሙሉ ክፍል ጨርሶ ማታ ቤቱ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ጉድለት ከውጭ ሆነን ያገኘነው አይደለም። የፕራጉ ማሐራል በ16ኛው ክፍለ ዘመን የራሱን አገር የቃላት ፍልሚያ በጽኑ ነቅፏል። ፍርድ መሰብሰብም ለአሽከናዚው እንግዳ አይደለም። በ1884 መታተም ጀምሮ በ1907 የተጠናቀቀው ሚሽና ቤሩራ በስድስት ጥራዝ የዕለት ተዕለት ሕግን የሚያስቀምጥ የአሽከናዚ መጽሐፍ ነው።

ሹልሐን አሩኽ የሴፋርዲዎች መጽሐፍ ነው ወደሚለው እንለፍ። ጸሐፊው ረቢ ዮሴፍ ካሮ (1488–1575) ከእስፓኝ የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ እውነት ነው፤ መጽሐፉ በ1565 ቬኒስ ታተመ። ግን እንዴት ይፈርድ ነበር? ሦስት ምሰሶዎች አቆመ፦ ሪፍ፣ ራምባም፣ ሮሽ። ሁለቱ የተስማሙበት ሕግ ይሆናል። ከሦስቱ ሐሳቡን ያልገለጸ ካለ ወደ ራምባን፣ ራሽባ፣ ራንና ወደ ሌሎች ይሄዳል። ሦስተኛው ምሰሶ ሮሽ የጀርመን ሰው ነው፤ የሮተንበርጉ ማሐራም ተማሪ ሆኖ በ1303 ከአገሩ ሸሽቶ በ1305 ቶሌዶ ላይ ረቢ ሆነ። ልጁ ያዕቆብ ዐርባዓ ቱሪም (በአጭሩ ቱር) የተባለውን ባለ አራት ክፍል መጽሐፍ ጻፈ። ካሮ መጽሐፉን ያዋቀረው በዚህ በቱር አከፋፈል ነው፤ «ቤት ዮሴፍ» የተባለው ትልቁ ሥራውም በቱር ላይ የተጻፈ ማብራሪያ ነው። አጥሩ የጀርመን ስደተኛ ልጅ የሠራው፣ ውስጡ ደግሞ ከሦስት አንዱ የጀርመን ድምፅ የሆነ መጽሐፍ «የሴፋርዲ ብቻ» ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ ለጽሑፉ የምንሰጠው እውነት አለ። ከሦስቱ ሁለቱ የአንዳሉስ ወገን ስለሆኑ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ያጋድላል። የክራኮቭ ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ፣ ማለትም ረማ፣ ቅር የተሰኘው በዚህ ነበር፤ የጀርመንና የፖላንድ የኋለኞቹ ሊቃውንት ድምፅ አልተቆጠረም አለ። ሆኖም ሌላ መጽሐፍ በመጻፍ ፈንታ በካሮ ጽሑፍ መካከል የራሱን ማስታወሻ በሌላ የፊደል ቅርጽ አስገባ፤ ስሙንም «ማፓ»፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ አለው፤ ሹልሐን አሩኽ «የተሰናዳ ገበታ» ማለት ነውና። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጣጥለው አልታተሙም ማለት ይቻላል። መጽሐፉን አጥብቆ የተቃወመው ካለ ከዚያው ከፖላንድ ነው፤ የሉብሊኑ ማሐርሻል ፍርድ ከታልሙድ እንጂ ከአጭር ስብስብ መቀዳት የለበትም ብሎ ቆመ።

በ1492 አበቃ የሚለው ረጅም መልስ አይፈልግም። ካሮ ራሱ የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ኢየሩሳሌም ተወልዶ በ1806 ሊቮርኖ የሞተው ሒዳ፣ በ1909 ያረፈው የባግዳዱ ቤን ኢሽ ሐይ፣ በ2013 ያረፈው ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በተከታታይ የቆሙ የሴፋርዲ ሊቃውንት ናቸው። ያበቃው የእስፓኝ ምድር እንጂ ትምህርቱ አይደለም።

ፍልስፍናም እንዲሁ። በ1305 ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ የግሪክ ፍልስፍና እንዳያጠኑ ውግዘት ያወጣው የባርሴሎናው ራሽባ ነው፤ ሕክምናን ብቻ ለይቶ ፈቀደ። በክራኮቭ ግን ረማ አርስጣጣሊስን እየጠቀሰ በመጻፉ ማሐርሻል ወቀሰው፤ ረማም በደብዳቤ ተከራክሮ መለሰለት። ክርክሩ በየሰፈሩ ውስጥ ነበር እንጂ በሰፈሮቹ መካከል አልነበረም።

«ሴፋርዲ ያቀላል» የሚለው አባባል ከወሬ ያለፈ መሠረት የለውም። በፋሲካ ሩዝና ባቄላ መብላትን በተመለከተ ልክ ነው፤ ካሮ ይፈቅዳል፣ ረማ በአሽከናዝ ልማድ ይከለክላል። ግን ይህንን ክልከላ «ከመጠን ያለፈ ማክበድ» ብሎ የጻፈው ከጀርመናዊ አባት የተወለደው ቱር ነው። ስለ ሥጋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ከብቱ ከታረደ በኋላ መርማሪው ሳንባው ሳይወጣ በፊት ድያፍራሙን በጥቂቱ ይቀድና እጁን አስገብቶ የሳንባው ክፍሎች ከደረት ግድግዳ ወይም እርስ በርስ መጣበቃቸውን ይዳስሳል። በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሁለት ክፍሎች፣ ተጨማሪም አንዲት ትንሽ ክፍል ይቆጠራሉ። ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች በተራቸው ቢጣበቁ የተለየ ሕግ አለው፤ ተራ ዘለው ወይም ከግድግዳው ጋር ሲጣበቁ ግን ያ ክር «ሲርኻ» ይባላል። ሥሩ ላይ ቀዳዳ አለ ተብሎ ስለሚፈራ ከብቱ ኮሸርነቱን፣ ማለትም ለመብላት መፈቀዱን፣ ያጣል። ካሮ ክሩ እንደ ፀጉር ይቅጠን ወይም እንደ አውራ ጣት ይወፍር ልዩነት የለውም አለ። በእጅ እያሹ ሲበጠስ የሚፈቅዱትንም «የተከለከለ ሥጋ ለእስራኤል እንደሚያበሉ ናቸው» ብሎ ጻፈ። ረማ ግን በዝግታ ማሸትን ፈቀደ። ክሩ ከተለቀቀ ሳንባው ይነፋል፤ ቦታው ላይ ውሃ ተደርጎ አረፋ ካላወጣ ያልፋል። ረማ ይህ «ትልቅ ማቅለል» እንደሆነ በራሱ ብዕር ካመነ በኋላ አገሩ ሁሉ የለመደው ስለሆነ አይከልከል አለ። በእስራኤል ሥጋ ቤቶች «ሐላቅ ቤት ዮሴፍ» (በካሮ ሕግ ሳንባው ለስላሳ የሆነ) የሚለው ማኅተም ከዚህ የመጣ ነው። ሴፋርዲ የሆነ ሰው ያንን ማኅተም የሚፈልገው የእሱ ሕግ ስለሚከብድ ነው። ምግብ ማብሰል ላይም እንዲሁ ነው፤ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ሲያበስል ለረማ አይሁዳዊው እሳቱን መለኮሱ ይበቃል፣ ለካሮ ግን ድስቱን ራሱ መጣድ አለበት።

አሁን ወደ ቤተ እስራኤል። ጽሑፉ እዚህ ላይ የሠራው ስህተት ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሰው ኑሮ የተመሠረተበት ጉዳይ ነውና። ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ የሴፋርዲ ዋና ረቢ ሆኖ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብሎ ጽፏል፤ በ1975 የመመለስ ሕግ (አይሁድ እስራኤል ገብተው ዜጋ የሚሆኑበት ሕግ) እንዲሠራላቸው መንገድ የከፈተው ይህ ነው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ግን ፍርዱ ሴፋርዲ በመሆኑ ከሚመጣ ርኅራኄ አልወጣም፤ ከሰነድ ነው የወጣው። ሰነዱም ራድባዝ ነው።

ራድባዝ (ረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ፣ በ1573 የሞተ) በልጅነቱ ከእስፓኝ ተሰድዶ ለ40 ዓመታት ያህል የግብፅ አይሁድ መሪ የነበረ ነው። የቀረበለት ጥያቄ ይህ ነበር፦ ከሐበሻ ምድር ከነሁለት ልጆቿ የተማረከች ሴት አንድ አይሁዳዊ ገዛት። ባል እንደነበራት፣ ጠላት መጥቶ ወንዶቹን በጸሎት ቤት እንደፈጀ፣ ሴቶችና ሕፃናት እንደተማረኩ ተናገረች። ገዢው ከእሷ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ልጁ አድጎ ከማኅበሩ ማግባት ፈለገ። ይቻላል ወይ? ራድባዝ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ እነዚህ በኩሽ ተራሮች የሚኖሩ የዳን ነገድ ናቸው፤ የቃል ሕጉን (በአፍ የወረደውን የረቢዎች ትውፊት) ያጡት አስተማሪ ስላልነበራቸው ነው፣ በአሕዛብ መካከል ተማርኮ እንዳደገ ሕፃን ናቸው፤ ስለዚህ ከምርኮ መቤዠታቸው ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ ጋብቻው ላይ ሥጋት አለ። የሴቲቱ ባል መሞቱ በእርግጥ ካልታወቀ የሰው ሚስት ናት። የፍቺ ወረቀታቸውም በረቢዎች ሕግ ካልተጻፈ ከሁለተኛ ባል የሚወለድ ልጅ ጥያቄ ይነሣበታል።

የኋለኛው ዘመን ክርክር በሙሉ ከእነዚህ ሁለት አንቀጾች ይመነጫል። የመጀመሪያውን የያዘ «አይሁድ ናቸው፣ ምንም አይጠየቁም» ይላል፤ ስለ ፍቺው ደግሞ ጋብቻቸው ራሱ በረቢዎች ሕግ ብቁ በሆኑ ምስክሮች ፊት ካልተፈጸመ ፍቺው የሚጎድለው ነገር የለም የሚል መልስ አለ። ሁለተኛውን ያከበደ ወደ ጥንቃቄ ይሄዳል። የጥንቃቄው ወገን ማን ነበር? በኒው ዮርክ ረቢ ሞሼ ፋይንሽታይን በ1984 ራድባዝ ሁኔታውን በቅርብ ያውቅ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆነ በጥርጣሬ ወደ አይሁድነት የመቀየር ሥርዓት ይፈጸም አለ። ግን በዚያው ደብዳቤ ቤተ እስራኤልን ማዳንና ማቅረብ ግዴታ እንደሆነ፣ በቆዳቸው ምክንያት የሚያርቃቸው ሰው መኖሩ እንዳሳዘነው ጻፈ። እሱ አሽከናዚ ነው። በእስራኤል ግን በ1985 ቤተ እስራኤል በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት የተቃወሙትን ለዚሁ ሥርዓት ውኃ ውስጥ የመጥለቅ ግዴታ ያዘዘው መሥሪያ ቤት የሚመራው በሁለት ሰዎች ነበር፤ በአሽከናዚው ረቢ አቭራሃም ሻፒራና በሴፋርዲው ረቢ መርዶክዮስ ኤሊያሁ። ሁለቱም መጥለቁን ጠይቀዋል። ከዖቫድያ ዮሴፍ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት፣ በ1864፣ ቤተ እስራኤል አይሁድ ስለሆኑ እንድረስላቸው ብሎ የጮኸው ደግሞ ረቢ ዓዝሪኤል ሒልደስሃይመር፣ አሽከናዚ ነው። በ1921 እንዲታደጓቸው ጥሪ ያወጣው ረቢ ኩክም አሽከናዚ ነው። ወገን ለይቶ ማመስገንም ሆነ መክሰስ ታሪኩን አይገልጸውም።

የመጨረሻው መደምደሚያ፣ ቤተ እስራኤል ሴፋርዲ ናቸው የሚለው፣ ራድባዝ ራሱ ባስቀመጠው አንድ ምልክት ይወድቃል። ከኩሽ የመጡት በሰንበት ዋዜማ መብራት አያበሩም ብሎ ጽፏል። ሴፋርዲና አሽከናዚ በሰንበት መብራት ላይ የሚለያዩት በዚህ ነው፦ በብዙ ሴፋርዲ ዘንድ ሴቲቱ መጀመሪያ ትባርካለች ከዚያ ታበራለች፤ አሽከናዚዋ አብርታ፣ ዓይኗን ሸፍና ትባርካለች። ከዋዜማው የበራ እሳት ሰንበት ውስጥ መንደዱን ሁለቱም ከታልሙድ ተቀብለው ይፈቅዳሉ፤ እንዲያውም ማብራትን ያዛሉ። የቤተ እስራኤል ቄሶች ግን በግዕዙ ኦሪት «በሰንበት ቀን በማደሪያችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» የሚለውን ሲያነቡ፣ ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ምድጃው ይጠፋል፣ ምግቡም ቀዝቅዞ ይበላል ብለው ነው ያስተማሩት። ቡራኬው ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ክርክር በዚህ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቄሶቹ ይህን ሕግ ያወጡት ያለ ሪፍ፣ ያለ ሮሽና ያለ ራሺ፣ ከኦሪቱ ንባብ በቀጥታ ነው።